ለፎቶ የሚሆን ቀሚስ

ጎረቤቴ ማንጠግቦሽ ወሬ አታሳድርም። «ስሚ፣ ያቺ እዚህ መጠለያ አብራን ያደገችው ልጅ ትልቅ ሰው ሆናለች አሉ። ተፈናቃይ ልትረዳ ነገ ትመጣለች» አለችኝ።

እልል አልን። በነጋታው ካለን ልብስ ደህና ደህናውን ለበስን፤ እኔማ ቅቤም ተቀባሁ። ልጃችን መጣች አይደል?

ካሜራ የያዘ ሰውዬ አስከትላ በመኪና መጣች። አቅፋ ሳመችን፤ እኔን ስትስም እንባዋ ሁሉ መጣ። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየችንና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እናቶቼ፣ ምነው እንዲህ ዘነጣችሁ? እንዲህ ሆናችሁ ፎቶ ብትነሱ ማን ዱቄት ይሰጣችኋል? በሉ የተቀደደ የተቀደደውን ለብሳችሁ ኑ» አለች።

ክው አልን። ግን ነገሩ የዱቄት ነው፤ እየተያየን ወደ ድንኳናችን ዞርን። እኔም ዞሬያለሁ፣ ምን ልደብቅ።

ጓደኛዬ እንጉዳይ ብቻ ንቅንቅ አላለችም። ልጅቷን በጉያዋ ያሳደገቻት እሷ ናት።

«እርስዎስ አይቀይሩም?» አለቻት ልጅቷ። ድሮ «እማዬ» ነበር የምትላት።

እንጉዳይ ስትመልስላት ሰውዬው እንኳ ካሜራውን አወረደ።

«እኔ የተቀደደ የለኝም ልጄ። ኮሌጅ የገባሽ ለት፣ እንዳታፍሪ ብዬ ያለኝን አንድ ቀሚስ ሳለብስሽ፣ አውልቀሽ የጣልሽው ቡትቶ ግን እስከዛሬ ሻንጣዬ ውስጥ አለ። ላምጣልሽና ልበሺው፤ ሰውዬው አንቺን ያንሳ።»