የፕላዝማው ሰውዬ

"ቀስ በል እንጂ፣ ሰውዬ!" ብሎ ጮኸ መምህሩ፣ ጠመኔውን ወደ ፕላዝማው እየቀሰረ።

ስክሪኑ ላይ ያለው ጎፈሬያም ወጣት አስተማሪ ግን አይሰማም። ከዓመታት በፊት የተቀረፀ ትምህርት ነው፤ ማቆምም መመለስም አይቻልም። ዛሬ የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት እንደሚገነባ ያስተምራል። "ሀፒ" ሥሩ ነው አለ። ከፊቱ "አን" ሲቀጠልለት ደስታው ይጠፋል፣ ከኋላው "ነስ" ሲጨመርበት ደግሞ ስም ይሆናል አለ። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ትንፋሽ።

መምህሩ ሰሌዳው ላይ "ሀፒ" ብሎ ጽፎ በአማርኛ ማስረዳት ሲጀምር ሰውዬው ሌላ ቃል ላይ ደርሷል። አጥፍቶ አዲሱን ቃል ጻፈ። አሁንም ቀደመው። ተናድዶ ድምፁን ዘጋው። ሰውዬው ድምፁ ተዘግቶም ይቸኩላል፤ እጁን እያወናጨፈ ወደሚቀጥለው ቃል ዘለለ።

"ቲቸር፣ ምንም አልገባንም" አሉ ከኋላ የተቀመጡት።

"መች ፋታ ሰጠኝና ላስረዳችሁ!" አለ መምህሩ፣ ከራሰ በራው ላይ ላቡን እየጠረገ።

ድምፁን ሲመልሰው ክፍለ ጊዜው አልቋል። ሰውዬው ፈገግ አለና፣ ያልገባችሁን መምህራችሁን ጠይቁ ብሎ ተሰናበተ። ስክሪኑ ጠቆረ።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው ዘውድነሽ እጇን አወጣች።

"እሺ፣ ጠይቂ" አላት መምህሩ፣ አዲስ ጠመኔ አንስቶ።

"ቲቸር፣ ያኔ ሲቀርፁዎት ማን ነበር የሚያባርርዎት?"