የምሕረት ድጋሚ ፈተና

ማርያምን! ከዚህ ታሪክ ጠብታ ውሸት ካገኛችሁ ምላሴን ቁረጡት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በድጋሚ ለመውሰድ፣ ከሚያውቁት አንዱን በማሽን አስፍቆ ለዘለዓለም መርሳት ግዴታ በሆነበት ዘመን፣ አምና የወደቀችው የጋሽ ሽብሩ ልጅ ምሕረት ዘንድሮ አገር ያንቀጠቀጠ ውጤት አመጣች።

ጎረቤታቸው እትዬ ዘርፌ ልትጠይቃቸው መጥታ፣ ጉጉቷ አላስቀምጥ አላት።

«ለመሆኑ ምኑን ረሳች?»

«የጥርስ ሕመሟን!» አለ ጋሽ ሽብሩ ደረቱን ነፍቶ። «የእኔ ልጅ እኮ ናት፤ ማሽኑን ራሱን ሸወደችው! ይኸው አሁንም ‹አንተ ሽማግሌ› እያለች ስትቀልድብኝ ነው የምትውለው።»

ግን ከፈተናው ወዲህ እንዲህ ብላው እንደማታውቅ ልቡ ያውቃል።

ምሕረት ሻይ ይዛ ገባች። ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቀረበችለትና አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ በዝግታ ጠየቀችው።

«ይጠጡ ጋሼ። ስኳር ስንት ላድርግልዎት?»