ሰባተኛው ረድፍ

ከዚህ ወሬ አንዲት ቃል ብዋሽ ነገን አያሳየኝ።

በአንድ ሆስፒታል በሙከራ የተቀጠረ ፕሮግራመር ነበር። የቅጥር ቀን የሞላው ቅጽ አሥራ አራት ገጽ ነው፤ ቢመዘን አንድ ኪሎ ይወጣዋል። የእናት ስም፣ የሚስት ስም፣ የልጅ ስም። ቀጥሎ የክልክል መዓት፦ ኮምፒውተር አጠገብ አትብላ፣ የበሽተኛ ወሬ አታውጣ፣ የዘመድህን ካርድ አትክፈት (መዝገቡም አይከፍትልህም)፣ በመስኮት ውኃ አትድፋ። ሳያነብ ፈረመ። ለመሆኑ ማን አንብቦ ያውቃል?

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ሐኪሞቹ የሚያዩት ሠንጠረዥ አለ፤ ስም የለበትም፣ የካርድ ቁጥርና የቀጠሮ ቀን ብቻ። ማውሱ አንዱ ረድፍ ላይ ሲያርፍ ረድፉ ቢጫ ይሁን፣ ሲጫኑት የበሽተኛው ካርድ ይከፈት። በጃቫስክሪፕት ሃያ መስመር አይሞላም። ግን ሐኪሞቹ በዚያ ደቃቅ ጽሑፍ መሐል ረድፍ እየሳቱ፣ ያንን ፀጉር የሚያረግፍ ኃይለኛ መድኃኒት ለሌላ ሰው ሊያዙ ለጥቂት ነው የተረፉት። ስለዚህ ዋናው ሐኪም ቁርጡን ነገረው።

«ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ አየዋለሁ። አንድ ረድፍ እንኳ ካልሠራ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።»

ሰውየው ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቶ ቤት ተቀምጦ ነበር። ከዚህ ከተባረረ ሌላ በር የለውም።

ሐሙስ ማታ ሲወጣ ሁሉም ረድፍ ይበራ ነበር፤ ያ ግን ለሙከራ የገባ የውሸት ዝርዝር ነው። እውነተኛው ዝርዝር ዓርብ ጠዋት ይገባል።

ዓርብ ጠዋት ጫማውን እያሰረ «ዛሬ ካልሆነ አለቀልኝ» አላት ሚስቱን።

ሚስቱ ማክሰኞ ማክሰኞ «እህቴ ዘንድ ነኝ» ብላ ትወጣለች። ከዚያ ስትመለስ ብርድ መትቷት፣ ሰሞኑን ራሷን በሻርፕ ጠቅልላ ነው የምትውለው።

«አንተዬ፣ የሁሉንም ሰው ካርድ ታያለህ እንዴ?»

«ምኑን አያለሁ። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ።»

«ይሁን፣ ደህና አድርገህ ቀባው» አለችና ሻርፗን አጠበቀች።

ቢሮ ገባ፤ በስሙ ኮምፒውተሩን ከፈተ። አንደኛው ረድፍ ቢጫ፣ ሁለተኛው ቢጫ፣ እስከ ስድስተኛው ቢጫ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ጭጭ። ስምንተኛው ደግሞ ይበራል።

ኮዱን ዘጠኝ ጊዜ አፍርሶ ሠራው። ላቡ ከጠረጴዛው ወርዶ ወለሉን ሲያረጥበው፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ቧንቧ የፈነዳ መስሏት ባልዲ ይዛ መጣች።

በኋላ ነገሩን አገኘው። እያንዳንዱ ረድፍ ከመዝገቡ ሲመጣ ወደ ካርዱ የሚያደርስ አድራሻ ይዞ ይመጣል። ሰባተኛው ባዶውን ነው የመጣው። መዝገቡ ደግሞ በእትዬ ቁልፍ እጅ ነው። እትዬ ቁልፍ ማለት ሠላሳ ዓመት የካርድ ክፍሉን ቁልፍ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ኮምፒውተር ከገባ ጀምሮ ፊታቸው ያልተፈታ ሴትዮ ናቸው።

«እትዬ፣ ሰባተኛውን ነክተውታል?»

«እኔ? ማውስ ስይዝ እንደ ጊንጥ የምፈራው ሴትዮ?»

«አድራሻው የለም። የሚመጣው ከእርስዎ ነው።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀም፣ ልጄ። ና ተመልከት።»

በራሳቸው ስም የከፈቱት ኮምፒውተር ላይ ሰባተኛው ረድፍ እንደ ሎሚ ቢጫ ሆነ። ካርድ ቁጥር፣ ማክሰኞ። ተጫኑት። ካርዱ ሲከፈት አነበቡ፤ ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ ስክሪኑን በመዳፋቸው ከለሉት።

«ምንድን ነው የሚደብቁኝ?»

«ምንም። ወደ ሥራህ።»

ያን ጊዜ እርግጠኛ ሆነ። ያበላሹት እሳቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ማስረጃ የለው፣ ሰዓቱ ደግሞ አምስት ተኩል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሚስቱን በምን ዓይኑ እንደሚያያት ብቻ ያስብ ጀመር።

ስድስት ሰዓት ላይ ዋናው ሐኪም መጣ።

«ዶክተር፣ አንድ ረድፍ ሰው ተንኮል ሠርቶብኝ…»

«ተነሥ።» ወንበሩን ያዘ፤ በራሱ ስም ከፈተ፤ ማውሱን ቁልቁል ጎተተ። አምስት። ስድስት። ፕሮግራመሩ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይኸው ይሠራል አይደል እንዴ?»

ሰባተኛው ቢጫ ነበር። ሲጫነው ካርዱ ተከፈተ።

«ሰኞ የቋሚነት ደብዳቤህን ውሰድ» ብሎ ሄደ።

ፕሮግራመሩ አላመነም። በዚያው ኮምፒውተር ላይ በስሙ መልሶ ከፈተ። ሰባተኛው ጭጭ።

«እትዬ፣ ምን አድርገውበት ነው?»

እትዬ ቁልፍ ቦርሳውን አንሥተው አስያዙት።

«ያንን ቅጽ ሳታነብ ነው የፈረምከው፣ አይደል? በል ዛሬ ቀደም ብለህ ቤትህ ግባ፣ ልጄ። ሥራው ተገኘ በላት።»

ሴትዮዋን በሆዱ እየረገመ፣ በደስታ እየበረረ ሄደ።

ነገን እንዲያሳየኝ ግን አንዲቷን ልናዘዝ፦ ሚስቱን ብርድ መታት ያልኩት ፈጠራ ነው።