የፖም ዛፉን ያነቀው ሐረግ

አሜሪካ፣ ቬርሞንት ውስጥ ባለው ግቢዋ፣ አሮጊቷ ቨርና የፖም ዛፏን ያነቀውን መርዘኛ ሐረግ ከሥሩ በመጋዝ ስትቆርጥ፣ የልጇ ባል ዌስሊ የአረም መድኃኒት መርጫ አዝሎ መጣ።

«ዞር ይበሉ እማማ፤ አንዴ ስረጨው ይደርቃል።»

«ዛፉስ?»

«ያረጀ ዛፍ አይደል? ቢደርቅስ?»

ደሟ ፈላ። «እኔስ አላረጀሁም? እኔንም እርጨኛ!»

ዌስሊ እየሳቀ መርጫውን ወደ ግንዱ አነጣጠረ። ቨርና መጋዙን ወርውራ፣ በባዶ ክንዷ ግንዱን ከነሐረጉ እቅፍ አደረገችው፤ ቅጠሉ ጉንጯን ነካ።

«ኧረ እማማ! ሐረጉ ከነካዎት ቆዳዎ ውሃ ይቋጥራል እኮ!»

«ይቋጥር! ወንድ ከሆንክ እርጭ!»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። መርጫውን አውርዶ መጋዙን አነሳና ተንበረከከ። «ከየት ልቁረጥ?»

«ከታች። ልጡን ብትነካ ግን ወየውልህ!» አለችው። የመጨረሻው ሐረግ እስኪቆረጥ ድረስ ዛፉን አልለቀቀችም።