የኋላ ግራ ጎማ

«ርገጪ!» አለ ባልየው ከአሮጌዋ ቮልስ ሥር ተንጋልሎ። ሚስቱ መሪው ጋ ተቀምጣ ፍሬኑን ረገጠች። የቦንጋ ዝናብ ግቢውን አርጥቦት ስለነበር፣ ዘይቱ የሚፈስበትን ለመለየት በየጎማው ሥር ደረቅ የእንሰት ቅጠል አንጥፏል። ሦስቱ ቅጠሎች ንጹሕ ነበሩ። በኋላ ግራ ጎማ ሥር ያለው ላይ ግን ጠብ፣ ጠብ አለ። በጣቱ ነክቶ አሸተተው። የፍሬን ዘይት ነው።

«ለቢታ ገነቱ የሥራ ግምገማ ትደርሳለህ?» አለችው።

«እደርሳለሁ።»

እዚያች ከተማ የሚጠብቀው ግምገማ ሳይሆን ወንድ ልጅ የወለደችለት ሴት እንደሆነች ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም።

እጁን ወደ ጎማው ጀርባ ሰደደ። ቧንቧው ደህና ነው። ከፍሬን ዘይቱ አየር የሚወጣባት ብሎን ግን በጣት እስክትዞር ድረስ ላልታለች። ባለፈው ሳምንት ራሱ ነበር አጥብቆ ያሰራት፤ የብሎን መፍቻ ቁልፉን ያቀበለችው ደግሞ እሷ። ብሎኗ በራሷ እንደማትላላ ያውቃል።

«ቁልቁለት ላይ ብሆን ኖሮስ?» አለ።

«እዚያ አትደርስም ነበር» አለች ከላይ። «ይቺን መኪና ሳትፈትሽ ከግቢ ወጥተህ አታውቅም። አንድ ቀን እንኳ ምን ሆነሽ ብለህ ያላየኸው እኔን ነው።»

ቁልፉን አንስቶ አየሩን ለማስወጣት ብሎኗን ያዘ።

«ርገጪ» አለ።

እሷም ፍሬኑ እስኪጠነክር ድረስ፣ እንደ ወትሮው፣ ረገጠችለት።