የዋሴ ልጅ የተለመነች ዕለት

ዋሴ አሁንም ከመደቡ ተነሣ። በሩ ጋ ሳይደርስ ትንፋሽ አጠረውና ምሰሶውን ተደግፎ ቆመ።

«ኧረ ይቀመጡ! የሚመጡ እንደሆን ይመጣሉ» አለች ሚስቱ እታለም።

መቀመጥስ የት አለና! ሲቀመጥ ያቁነጠንጠዋል፣ ሲቆም እግሩ ይከዳዋል፣ ጋደም ሲል ደግሞ ወንዝ ውስጥ እንደ ገባ ሰው ይታፈናል። ከመስቀል ወዲህ ሌሊቱን የሚያነጋው ግድግዳ ተደግፎ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሰቆጣ ገበያ አሞሌ ጨው ሲሸጥ የኖረውን ሰው፣ ጣሊያን ከወጣ ወዲህ የተከፈተው ክሊኒክ ድሬሰር ያበጠ እግሩን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ «ልብዎ ደክሟል፤ ጨው እንዳይቀምሱ» አለው። ዋሴ ሳቀ፤ ሳቁም ሳል ሆነበት። «እስከ መቼ?» ብሎ ቢጠይቅ ድሬሰሩ «እግዜር ያውቃል» ብሎ ወደ ሌላው በሽተኛ ዞረ።

ዛሬ ልጁን ማንጠግቦሽን ሊጠይቁ ሽማግሎች ይመጣሉ። ወጉ የታወቀ ነው፦ ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል፣ አባትም ቆሞ ይሰማል። «ዘመድ ልጠይቅ» ብሎ ይመልሳቸዋል፤ ደግመው ሲመጡም ይመልሳቸዋል። በአንድ ቃል የተሰጠች ልጅ አማቶቿ ቤት ወጥ ባረረ ቁጥር «አባትሽም ሊገላገልሽ ነበር» ስትባል ትኖራለች። እታለም ይህን ስትነግረው ሰንብታለች።

ግን ጥር እያለቀ ነው። ዛሬ ከተመለሱ ጾሙ ይገባል፣ ሠርጉም ለከርሞ ጥር ይሻገራል። ዋሴ የከርሞን ጥር አያምነውም። ልጁን ተድራ ማየት ፈልጓል፤ ይህን ለእታለም አፍ አውጥቶ መንገር ግን ፈራ።

ሽማግሎቹ ቄስ ወልደ ጻድቅን አስቀድመው ገቡ።

«አረፍ በሉ እንጂ» አለ ዋሴ፣ እንደ ምንም ቆሞ።

«ልጅዎን ለልጃችን ካልሰጡን አንቀመጥም» አሉ ቄሱ።

ዋሴ ሌሊቱን ሲያሰናዳ ያደረውን መልስ ጀመረ። «ልጄ... ገና... ልጅ ናት። ዘመድም...» የቀረው አልወጣም። አየር አጣ፣ ዐይኑ ጨለመበት። ቄሱ ሊይዙት እጃቸውን ዘረጉ።

«ሰጥቻለሁ» አለ ዋሴ። «ጥር... ሳይወጣ።»

እታለም የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። ዋሴ መደቡ ላይ ዘፍ አለና እንባው መጣ። ልጄን በገዛ አፌ አዋረድኳት ብሎ አፈረ፤ ሠርጓንም ላየው ነው ብሎ ደስ አለው፤ የትኛው እንዳስለቀሰው እሱም አላወቀም።

አብረዋቸው የመጡት ሽማግሎች ሊቀመጡ ሲሉ ቄሱ በመቋሚያቸው ከለከሏቸው። ዐይናቸው ከዋሴ ደረት ላይ አልተነሣም።

«ማን ተቀመጡ አላችሁ? ወደ ደጅ ውጡ!»

«ሰጡን እኮ፣ አባ!» አለ አንደኛው።

«እኔ አልሰማሁም። አቶ ዋሴ እንቢ ብለውናል። ሠርጉ ጥር ሳይወጣ ነው፤ እስከ ማታ ግን እንለምናለን።»

ወጥተው ግቢው መሐል፣ ፀሐይ ላይ ተሰለፉ። ቀኑ ገበያ ነበርና መንገደኛው ከአጥሩ በላይ አንገቱን እያሰገገ ያያቸዋል። «ስለ ማርያም!» አሉ ቄሱ፣ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ። «ስለ ማርያም ይስጡን! እንዲህ ያለች ልጅ ከየት እናገኛለን?»

ዋሴ ግድግዳውን ተደግፎ በተከፈተው በር ያያቸው ጀመር። ፀሐዩ ጠንክሯል። ከሽማግሎቹ አንዱ ከወዲያ ወዲህ እግሩን ይቀያይራል።

«ውሃ ላውጣላቸው?» አለች እታለም፣ ዐይኗን በነጠላዋ እየጠረገች።

ዋሴ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየ።

«ተይ» አላት። «ይለምኑ።»