የቤት ሠራተኛ ስት...

የወደብ ከተማው የቡላኦስ ሰፈር በሐምሌ ሙቀት እየነደደ፣ ሀዊ ሹራብ ለብሳ ትንቀጠቀጥ ነበር። ከድሬዳዋ የመጣችው አሠሪዋ ጀዋሪያ ስልኳን አቀበለቻትና፣ «የምንጣፉ እድፍ በምን እንደሚለቅ ፈልጊልኝ» ብላ ልትሰግድ ገባች።

ሀዊ እርጥብ አውራ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። ከእድፉ በፊት «የቤት ሠራተኛ ስት» ብላ ጻፈች። ገና ሳትጨርስ ስልኩ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ደረደረላት፦ ስትሰርቅ፣ ስትዋሽ፣ ስትጠፋ፣ ስታረግዝ። ወደ ታች እየገፋች እስከ መጨረሻው አነበበችው። የእሷ ጥያቄ አልነበረም። «ስትታመም» ብላ ራሷ ጨረሰችው። ዝርዝሩ ከጻፈችው ሥር ጠፋና ነጩ ስክሪን ባዶ ቀረ።

«አገኘሽው?» አለች ጀዋሪያ፣ ሰግዳ ስትወጣ።

ሀዊ የጻፈችውን ፊደል በፊደል አጠፋች።

«የለም፣ እትዬ።»